የአፍንጫ ጫፍ ቀዶ ሕክምና፦ ሁለት ሐኪሞች ሁለት መንገድ ነገሩኝ

ጦሳ_ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው፣ 27 ዓመቴ ነው። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አፍንጫዬ ከላይ ደህና ነው። ቀጥ ያለ ነው፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ያስቸገረኝ ጫፉ ነው። ክብና ሰፊ ነው፣ ስስቅ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ልጅ ሆኜ የሰፈር ልጆች "ጎራዳዋ" ይሉኝ ነበር። አሁንም ፎቶ ስነሳ ፊቴን አዞራለሁ። ሁለት ዓመት አሰብኩበት፣ ገንዘብ አጠራቀምኩ። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ሰርጅኖች አማከርኩ።

የመጀመሪያው "ቀላል ነው" አለኝ። በውስጥ በኩል ገብቶ የጫፉን ልም አጥንት፣ ካርቲሌጅ የሚሉትን፣ ቀንሶ ያወጣል። ከውጭ ጠባሳ የለም፣ ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛዋ ጫፉን በጣቷ ደጋግማ ጫን ለቀቅ አደረገችው። ከዚያ "አንቺ ጋ ብዙ የሚቆረጥ የለም፣ እንዲያውም መጨመር ነው ያለብን" አለችኝ። ከታች በኩል ቆዳውን ከፍታ፣ ግራና ቀኙን ከሚከፍለው የአፍንጫዬ የውስጥ ግድግዳ ልም አጥንት ወስዳ እንደ ምሰሶ ታቆማለች። ጫፉን ደግሞ በስፌት ታሰባስበዋለች። ሰዓቱም ይረዝማል፣ ብሩም ይበዛል።

እኔ ያልገባኝ ይሄ ነው። አፍንጫዬ እንዲያንስ እየፈለግኩ እንዴት ይጨመርበታል? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ቧንቧ_ውሃ

እህቴ፣ አላህ የሰጠሽ መልክ ምን ጎደለው? ሰው ይስቃል ብለሽ ቢላ ሥር አትግቢ። ለክፋት አይደለም፣ ስለምሳሳልሽ ነው።

ጦሳ_ሥር

ቧንቧ ውሃ፣ አመሰግናለሁ። እናቴም እንደዚሁ ነው ያለችኝ፣ ሰምቻታለሁ። ግን ጉዳዩን ሳላውቀው መተውም ሳላውቀው መግባትም አልፈልግም። ለዚህ ነው የጠየቅኩት።

አንገት_በላይ_ሬዚደንት

ጦሳ ሥር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ነው ያደግኩት፣ አሁን በአንገት በላይ ሕክምና ስፔሻላይዝ እያደረግኩ ነው። አፍንጫሽን ሳላይ የትኛው ለአንቺ እንደሚሆን አልናገርም። ዘዴዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ግን ላስረዳሽ።

የአፍንጫ ጫፍ አጥንት የለውም። ቅርጹን የሚሰጡት ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ልም አጥንቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው እንደ ቅስት የታጠፉ ናቸው። አንዱ ጎናቸው ወደ መሃል ይወርድና ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ዓምድ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማል። ሌላው ጎናቸው ወደ አፍንጫ ክንፍ ይዘረጋል። የሚታጠፉበት ቦታ ነው ጫፍ የምንለው።

አሁን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቢ። ወደ ክንፍ የሚዘረጉት ሁለቱ እንደ ሁለት እግር ናቸው። መሃል ላይ የተጣመሩት አንድ ላይ ሦስተኛው እግር ናቸው። መቀመጫው ጫፍሽ ነው። አንደርሰን የሚባል ሐኪም ይህን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1969 አቀረበው፣ እኛም እስከ ዛሬ እንማርበታለን። የመሃሉ እግር ካጠረ ጫፉ ወደ ታች ይዘማል። የጎኖቹ ካጠሩ ወደ ላይ ይነሳል። የመሃሉ ከረዘመ ደግሞ ጫፉ ወደ ፊትም ወደ ላይም ይወጣል። ማንኛውም የጫፍ ቀዶ ሕክምና ከእነዚህ እግሮች አንዱን ይነካል። ስለዚህ ሐኪም ሲያነጋግርሽ "የትኛውን እግር ነው የምትነካው? ከዚያ በኋላ በርጩማው በምን ይቆማል?" ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሁለቱ ሐኪሞች። የመጀመሪያው ያለሽ ከክንፉ ልም አጥንት የላይኛውን ጠርዝ ቆርጦ ማውጣት ነው። የቆየ ዘዴ ነው፣ በልኩ ከሆነ ዛሬም ይሠራበታል። ድሮ ብዙ ይቆረጥ ነበር። ዛሬ የሚቀረው ወርድ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ነው የምንማረው። ከዚያ በታች ከሄደ ክንፉ መቆም ያቅተዋል።

ሁለተኛዋ ያለችሽ ስፌት ነው። ልም አጥንቱ ሳይወጣ የእያንዳንዱ እጥፋት በክር ይጠብባል፣ ከዚያ ሁለቱ እጥፋቶች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። እኔ በስፌት የምወደው አንድ ነገር አለ። ሰርጅኑ ካልጣመው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ክሩን ፈትቶ ይደግመዋል። የተቆረጠ ልም አጥንት ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

"እንዴት ተጨምሮ ያንሳል?" ላልሽው መልሱ ቆዳው ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሰልካካም ጎራዳም ይወለዳል፣ ሁሉንም በአንድ ማየት አይቻልም። ሆኖም ጫፉ ክብና ሰፊ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ቆዳው ወፍራም፣ ልም አጥንቱ ደግሞ ለስላሳ ነው። ከወፍራም ቆዳ ሥር ለስላሳውን ነገር ብትቀንሺው ቆዳው ተከትሎ አይሰበሰብም። ባዶው ቦታ በጠባሳ ሥጋ ይሞላል። ጫፉ መልሶ ክብ ይሆናል፣ ይባስ ብሎ ይወርዳል። ከሥሩ ጠንከር ያለ ነገር ቆሞ ቆዳውን ወደ ፊት ሲወጥረው ግን ጫፉ ቅርጽ ያወጣል። ከፊት ለሚያይሽ ሰው የጠበበ ይመስላል።

እትዬ_ሰኞ_ገበያ

ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። 30 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ይሄ ልጅ የሚለው ግን ገብቶኛል። የኮት አንገት ከወፍራም ጨርቅ ስሠራ ጨርቁን ብቀንሰው አይቆምልኝም፣ ተኝቶ ይቀራል። ከውስጥ ጠንካራውን ጨርቅ ሳስገባበት ነው ጠርዙ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው። ስስ ጨርቅ ሲሆን ደግሞ ያስገባሁት ሁሉ ከላይ ስለሚታይ እጠነቀቃለሁ። እንደዚያ ነው?

አንገት_በላይ_ሬዚደንት

እትዬ፣ ልክ እንደዚያ ነው! ቀጭን ቆዳ ላይ የገባው ልም አጥንት ጠርዙ ከዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጠርዙ ይለዝባል፣ ወይም በስስ ሽፋን ይጠቀለላል። እንደ ጦሳ ሥር ያለ ቆዳ ከሆነ ይህ ስጋት ያንሳል።

ኮምቦልቻዋ

ይህን ክር ሳነብ ልቤ ደነገጠ። የእኔ ታሪክ ነው።

የዛሬ 6 ዓመት ነው። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። "በውስጥ በኩል ነው፣ ጠባሳ የለውም፣ ትንሽ እንቀንሳለን" ተባልኩ። ጫፌ እንደ ጦሳ ሥር ክብ ነበር። የተቆረጠውን በጠርሙስ አሳዩኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ይህን ያህል ወጣልኝ ብዬ።

መጀመሪያ ላይ አምሮብኝ ነበር። እብጠቱ እየቀነሰ ሲሄድ ግን በስምንተኛው ወር አካባቢ ጫፉ መውረድ ጀመረ። ከቀዳዳዎቹ በላይ ደግሞ ግራና ቀኝ በጣት እንደተቆነጠጠ ስርጉድ አለ። ከዚህ ሁሉ የከፋው መተንፈሱ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስስብ ክንፎቹ ተጣብቀው ይዘጋሉ። ሥራዬ ደሴ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በሐረጎ ዳገት ነው የምወጣው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ አፌን ከፍቼ ነበር የምተነፍሰው። ማታ ጉሮሮዬ ደርቆ እነቃለሁ። ባለቤቴ ጎኔ ተኝቶ ትንፋሼን ይቆጥር ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄ ሌላ ሰርጅን አየኝ። "የበርጩማሽ ሁለት እግሮች የሉም" አላለኝም፣ ነገሩ ግን እሱ ነበር። የውስጡ ግድግዳ ለሚፈለገው ስለማይበቃ ከጎድን አጥንቴ ልም አጥንት ተወሰደ። ደረቴ ላይ የ3 ሴንቲ ሜትር ጠባሳ አለኝ። ለሁለት ሳምንት ስስቅ ያመኝ ነበር። የክንፎቹ ድጋፍ በአዲስ ተሠራ፣ መሃሉም ምሰሶ ገባለት። ዛሬ እተነፍሳለሁ። ጫፌ ሲነካ ደረቅ ነው፣ እንደ ድሮው አይተጣጠፍም። እሱን ለምጄዋለሁ።

ጦሳ ሥር፣ እባክሽ ምን ያህል እንደሚወጣልሽ ብቻ አትጠይቂ። ምን እንደሚቀርልሽ ጠይቂ። ወላሂ ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ...

ጦሳ_ሥር

ኮምቦልቻዋ፣ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። እንዲህ ገልጠሽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አንቺንም አላህ ይማርሽ።

የቦርከና_ልጅ

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ሰርጅን አይደለሁም። ሁለት የሰርጅን ጓደኞች አሉኝ፣ አንዱ በዝግ፣ ማለትም ከውጭ ሳይቆርጥ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው። እንዳይበደል ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ ክር ላይ "በውስጥ በኩል" መጥፎ፣ "ክፍት" ጥሩ እየመሰለ ነው። እንደዚያ አይደለም። ክፍትና ዝግ የመግቢያ በር ነው። ቤቱ ውስጥ ገብተህ የምትሠራው ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻዋን የጎዳት የገቡበት በር አይደለም፣ ውስጥ ገብተው ከልክ በላይ መቁረጣቸው ነው። የሠለጠነ እጅ በዝግም ስፌት ይሰፋል፣ ምሰሶም ያቆማል። እብጠቱም ቀለል ይላል። ጆን ሮ የተባለ አሜሪካዊ የጫፍ ቀዶ ሕክምና በውስጥ በኩል ሠርቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ዘዴው ከዚያ ጀምሮ ብዙ ተሻሽሏል።

አንገት_በላይ_ሬዚደንት

የቦርከና ልጅ ትክክል ነህ፣ እኔም ለይቼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ክፍት ላይ በዓምዱ ቆዳ ትንሽ ተቆርጦ ጫፉ እንደ ሽፋን ይገለጣል። ሰርጅኑ ሁለቱን ልም አጥንቶች ሳይጎትታቸው፣ በተፈጥሮ ቦታቸው ጎን ለጎን ያያቸዋል። ብዙ ስፌትና የሚጨመር ልም አጥንት ሲኖር፣ ወይም ቀድሞ የተነካ አፍንጫ ሲሆን ይህ በጣም ይረዳል። ለትንሽ ማስተካከያ ግን ዝጉ ይበቃል።

ጦሳ_ሥር

ጠባሳውን ፈርቻለሁ። ጆሮዬን ስበሳ የጠባሳ እብጠት፣ ኬሎይድ የሚሉት፣ ወጥቶብኝ ነበር። በአፍንጫዬ መሃል ቢወጣብኝስ? ከጆሮም ልም አጥንት ይወሰዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

አንገት_በላይ_ሬዚደንት

እንኳን ተናገርሽ። ይህን ለሁለቱም ሐኪሞች ነግረሻቸዋል? ካልነገርሻቸው ንገሪያቸው።

በዓምዱ ላይ ያለው ቁርጥ በጥቁር ቆዳም ላይ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይድናል። ኬሎይድ እዚያ ቦታ ብርቅ ነው። ቁርጡ ቀጥ ያለ መስመር አይደረግም። ጠባሳው እንዳይጎትትና ዓይን ውስጥ እንዳይገባ የተገለበጠ የቪ ቅርጽ ወይም የደረጃ ቅርጽ ይሰጠዋል። ጆሮሽ ግን ሌላ ነው። አንዴ ኬሎይድ ያወጣ ቦታ ነውና ከዚያ መውሰዱ ያሳስበኛል። ደግሞ የጆሮ ልም አጥንት ለስላሳና ጎባጣ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ቆብ ለመጣል ጥሩ ነው፣ ምሰሶ ለማቆም ግን ደካማ ነው። የአፍንጫ ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ለምሰሶ ይመረጣል። ከግድግዳውም ሁሉም አይወሰድም። ከላይና ከፊት በኩል ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ማዕዘን ይቀራል፣ አፍንጫውን ተሸክሞ የሚያቆመው እሱ ነው። የጎድን አጥንት ጠንካራ ነው፣ ብዙም ይገኛል። ግን በጊዜ ብዛት ሊጣመም ይችላል፣ በሚወሰድበት ጊዜም የሳንባ ሽፋን የመነካት አነስተኛ አደጋ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራለት ሰው የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

ስስቅ ይወርዳል ያልሽውን ደግሞ ሁለተኛዋ ሐኪም ዓይታዋለች ብዬ እገምታለሁ። ከላይኛው ከንፈር ተነስቶ ጫፉን ወደ ታች የሚጎትት ትንሽ ጡንቻ አለ። ድጋፉ ደካማ ሲሆን ጡንቻው ያሸንፋል።

መስታወት ፊት ቆመሽ እንዲህ አድርጊ። ጫፉን በጣትሽ ወደ ፊትሽ ቀስ ብለሽ ጫኚውና ልቀቂው። ወዲያው ከዘለለ ድጋፉ ደህና ነው። እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደካማ ነው። ከዚያ አፍሽን ዘግተሽ በአፍንጫሽ ጠንከር አድርገሽ ትንፋሽ ሳቢ። ክንፎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ? ያየሽውን ለሐኪሟ ንገሪያት።

ጦሳ_ሥር

አሁን አደረግኩት። እንደ ሊጥ ነው። ክንፎቼም ትንሽ ይገባሉ፣ የቀኙ ይብሳል። እስከ ዛሬ ጉንፋን ነው እያልኩ ነበር።

ከቤሩት_ተመላሽ

ቤሩት እያለሁ እመቤቴ በመርፌ ነው ያስተካከለችው፣ ፊለር በሚሉት ቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ። 15 ደቂቃ ነው የፈጀው። ያለ ቢላ ከተቻለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

አንገት_በላይ_ሬዚደንት

እህቴ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንክሬ ብናገር ይቅር በዪኝ። ፊለር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ ክብ ጫፍን የበለጠ ያከብደዋል። ዋናው ግን ሌላ ነው። የአፍንጫ ደም ሥሮች ከዓይን ደም ሥሮች ጋር የተገናኙ ናቸው። ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ የጫፉ ቆዳ ሊሞት ይችላል፣ ዓይንም ሊታወር ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን ሰዓታት ናቸው የሚወስኑት። ማሟሟያው መድኃኒት በሌለበት የውበት ሳሎን ውስጥ አፍንጫ ላይ መርፌ ማስወጋት በፍጹም የማልመክረው ነገር ነው።

ከቤሩት_ተመላሽ

ሱብሃነላህ። ይህን አላውቅም ነበር። እዚህ ደሴም የሚወጉ እንዳሉ ሰምቼ ነበርና ለእህቶቼ እነግራለሁ።

ጡረተኛው_ነርስ

ልጆቼ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምታወሩት ነገር ሌላ ቢመስልም እኔ በዓይኔ ያየሁት ጉዳይ ነው።

የሥጋ ደዌ ቶሎ ካልታከመ የአፍንጫን የውስጥ ግድግዳ ሊበላው ይችላል። ግድግዳው ሲሄድ የላይኛው ቆዳ እንዳለ ሆኖ አፍንጫው መሃሉ ይሰምጣል፣ ጫፉም ይተኛል። ቆዳው አለ፣ የሚሸከመው ግን የለም። ያን ጊዜ ነው አፍንጫ ከላይ የሚታየው ሳይሆን ከሥር የቆመው መሆኑ የገባኝ። ከሌላ ቦታ አጥንትና ልም አጥንት ተወስዶ ሲታከምላቸው ሰዎች ገበያ መውጣት ይጀምራሉ። አንዲት እናት መስታወት አምጡልኝ ብላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ፊቷን ስታይ ቆይታለች። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ቧንቧ ውሃ፣ የአንተን ስጋት አከብራለሁ። ነገር ግን ሰው ፊቱን ለማስተካከል መፈለጉን እንደ ቅንጦት አላየውም። ከፊቱ ጋር ነው የሚኖረው። እኔ የምለው ጦሳ ሥር ያላትን ግድግዳና እግር የሚጠብቅላትን ሐኪም ትምረጥ።

ቧንቧ_ውሃ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ጦሳ ሥር፣ የጻፍኩት ከስስት ነው። አብሽሪ።

የቦርከና_ልጅ

ጦሳ ሥር፣ የሌላ ሰው ፎቶ ይዘሽ ሄደሽ ነበር? ስለ አፍንጫቸው ሊያማክሩኝ የሚመጡት ብዙዎቹ የቱርክ ድራማ ተዋናይ ፎቶ በስልካቸው ይዘው ነው። በዓምዱና በከንፈር መካከል ያለው ማዕዘን ለሴት ከ95 እስከ 110 ዲግሪ ቢሆን ያምራል ተብሎ የሚጻፈው በብዛት ከአውሮፓውያን ፊት ተነስቶ ነው። ቀጭን ቆዳ ያለው አፍንጫ ላይ የሚወጣው ሹል ጫፍ በወፍራም ቆዳ ላይ አይወጣም፣ በግድ ይውጣ ሲባል ነው አደጋው የሚመጣው። የራስሽን ፎቶ ነው መያዝ ያለብሽ። ሐኪሟም እንደ አንቺ ዓይነት ቆዳ ካላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ የተነሳ ፎቶ ታሳይሽ። የሁለት ወር ፎቶ ምንም አይነግርሽም። የጫፍ እብጠት ከሁሉም ኋላ ነው የሚሄደው። ዓመት ይፈጃል፣ ወፍራም ቆዳ ላይ እስከ ሁለት ዓመት ሊሄድ ይችላል።

ጦሳ_ሥር (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ተመልሼ ሄድኩ። ሁለቱም ጋ።

ለመጀመሪያው "ከቆረጥክ በኋላ በምን ይቆማል?" አልኩት። "በራሱ ይቆማል፣ አትጨነቂ" አለኝ። ክንፎቼን አላየም። ትንፋሼንም አልጠየቀም። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ልቤ አልረጋም።

ሁለተኛዋ ስለ ጆሮዬ ኬሎይድ ስነግራት ወዲያው ጻፈችው። ጆሮዬን አትነካም። ቀኝ ክንፌን ዓይታ እዚያ ላይ ከሥሩ ቀጭን ልም አጥንት እንደ ማገር ትደግፍልኛለች። ምሰሶው ከግድግዳው ጋር ይሰፋ ወይስ ለብቻው ይቁም የሚለውን ከፍታ ስታይ ነው የምትወስነው። ከግድግዳው ጋር ከተሰፋ አይወርድም፣ ግን ጫፌ ደረቅ ይሆናል፣ ስስቅም እንደ ድሮው አይንቀሳቀስም አለችኝ። ይህን ሳልጠይቃት መንገሯ በጣም ደስ አሰኘኝ። "ሰልካካ አላደርግሽም፣ የራስሽን አፍንጫ ነው ቀና የማደርገው" አለችኝ።

የዓመት ፎቶዎች አሳየችኝ። አንዷ ቁርጥ እኔን ትመስላለች፣ አፍንጫዋ አሁንም የእናቷ ነው የሚመስለው። እሱን ሳይ ወሰንኩ። ቀጠሮዬ ኅዳር ውስጥ ነው። እናቴም ፎቶውን ዓይታ "ይሄማ አንቺው ነሽ" አለች። ትንፋሼን ስነግራት ደግሞ ዝም አለች፣ ከዚያ "ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አፍሽን ከፍተሽ ነው የምትተኚው" አለችኝ።

አንገት_በላይ_ሬዚደንት

በጣም ደስ ብሎኛል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን መቼ እንደምታቆሚ ጠይቂያት፣ ደም ያቀጥናሉ። ሲጋራና ሺሻ ካለ አሁኑኑ ይቁም፣ የቆዳውን የደም ዝውውር ይጎዳሉ። መነጽር የምታደርጊ ከሆነም ንገሪያት።

እትዬ_ሰኞ_ገበያ

ልጄ፣ እግዜር እጇን ይባርክላት። ስትመለሺ ሱቄ ብቅ በይ፣ ቡና አፈላልሻለሁ።

ኮምቦልቻዋ

ጦሳ ሥር፣ አዲስ አበባ ማን አለሽ? ፕላስተሩ እስኪነሳ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ በአውቶቡስ አትመለሺ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጭንቅላትሽን ከፍ አድርገሽ ነው የምትተኚው፣ አፍንጫሽ ስለሚዘጋ ውሃ የሚያቀብልሽ ሰው ያስፈልግሻል። እህቴ እዚያ ቤት አላት። እኔም ኅዳር ላይ ዕረፍት አለኝ። በውስጥ መስመር ቀኑን ላኪልኝ፣ አብሬሽ እመጣለሁ።